መሀል ላይ የወደቀችው ሻትል

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ከምን?» ነው። ከሆስፒታል ወይም ከፓርኪንግ እንድል ይጠብቃሉ። ባለፈው ፎልስ ቸርች ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮም ይህንኑ ጠየቀችኝ። «የባድሚንተን ራኬት ክር እወጥር ነበር» አልኳት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እሱ ደግሞ ሥራ ነው?» አለች። ሥራ ነው እንጂ! ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ አንገቴን ያጎበጥኩበት፣ በዕድሜዬ ከሳቅኩት ሳቅ እኩሌታውን የሳቅኩበት ሥራ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ እስኪቆርሱ አውርቼ አልጨረስኩላትም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስሜ ፋጡማ ነው፤ ሰው ግን ፋጤ ነው የሚለኝ። የደሴ ልጅ ነኝ። ስፖርት የሚባል ነገር በልጆቼ ጫማ በኩል ካልሆነ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር። ስንት ራኬት እንደወጠርኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የማልረሳው ግን አንድ ነገር አለ። ሙያውን ያስተማረችኝ ሜይ፣ በወጣትነቷ ለቻይና ብሔራዊ ቡድን በጥንድ የተጫወተች ሴት ናት። ትከሻዋን ቢላ ሳይነካው በፊት ከቀድሞ ጥንዷ ጋር አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ እንድትቆም የደከምኩት ድካም ነው የማይረሳኝ። ከሐኪም ቀጠሮ ጋር ነበር የምንሽቀዳደመው።

አሜሪካ ስንገባ መጀመሪያ ያረፍነው አሌክሳንድሪያ ነው፤ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ። ባለቤቴ ጀማል ታክሲ ያዘ፤ እኔ የአንድ ሆቴል ላውንድሪ ገባሁ። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አንሶላ ነው። አለቃዬ ከኤልሳልቫዶር የመጣች ጥሩ ሴት ነበረች፤ እሷ በስፓኒሽ እኔ በአማርኛ እያወራን እንግባባለን። ግን ወገቤ እምቢ አለ።

አንድ ቀን አንድ ቻይናዊ ሰውዬ የጀማል ታክሲ ውስጥ ረጅም ቦርሳ ረስቶ ወረደ። ጀማል ቦርሳው ላይ አድራሻ አግኝቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ወስዶ መለሰለት። ሰውየው ሚስተር ጎ ይባላል፤ የድሮ የምንጣፍ መጋዘን ተከራይቶ የባድሚንተን አዳራሽ አድርጎታል። ጀማልን ሻይ ጋበዘውና «እንዳንተ የሚታመን ሰው አታውቅም? ለፍሮንት ዴስክና ለጽዳት» አለው። «ሚስቴ አለች» አለው የኔ ጌታ፣ እኔን ሳያማክር። በዚያ ተጣላን፤ በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሚስተር ጎ ደግ ሰው ነው፤ መብራት ላይ ሲሆን ግን ምሕረት የለውም። ተጫዋቾች ላባቸውን ሳይጠርጉ ማጥፊያው ጋ ሄዶ ይቆማል። የኔ ሥራ ስልክ ማንሳት፣ ሜዳ መመደብ፣ ወለል መጥረግ ነበር። ባድሚንተንን ለማያውቅ፣ ከዝይ ላባ የተሠራች ሻትል የምትባል ቀላል ነገር መሬት ሳትነካ በመረብ ግራና ቀኝ የሚቀባበሉበት ጨዋታ ነው። በጥንድ ሲሆን ሁለት ለሁለት። አንድ ጠንከር ያለ ጨዋታ ሲያልቅ ወለሉ ዶሮ የታረደበት ግቢ ይመስላል። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ ቤት ኪራይ ከፍሎ ለዘይት የሚተርፍ ነበር። በኋላ ዊተን አፓርትመንት ስናገኝ በቀዩ መስመር ባቡር ቶሎ እደርስ ጀመር።

ሜይ የአዳራሹ ዋና አሠልጣኝ ነበረች። አጠር ያለች፣ ጠጉሯ በአንድ ጎኑ የሸበተ፣ ስትራመድ ድምፅ የማይሰማ ሴት። ጃካርታ ተጫውታለች፤ ኮፐንሃገን፣ ለንደን፣ ኳላላምፑር። ስለ ከተሞቹ ስጠይቃት የምታውቀው የአዳራሾቹን ጣራ ነው። «ጃካርታ መብራቱ ዝቅ ያለ ነው። ኮፐንሃገን ከበሩ በኩል ንፋስ አለ» ትለኛለች። ሌላ የለም። «ባሕሩስ? ገበያውስ?» ስላት «አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር» አለች። ሰው ዓለምን ዞሮ ጣራ ብቻ ይዞ ይመለሳል? በሳቅ ፈረስኩ፤ እሷም ሳቀች። ጓደኝነታችን ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ልማዶች ነበሯት። ሙቅ ውኃ በቴርሞስ ይዛ ትመጣለች፤ በአሜሪካው የሐምሌ ሙቀትም ቢሆን ሙቅ ነው። ከሁሉም በፊት ትደርስና በባዶ ሜዳ ላይ ጫማዋን አውልቃ ትሄዳለች፤ ወለሉ የት እንደሚያንሸራትት በእግሯ ጣት ታውቃለች። ተማሪ ጎበዝ ሲሆን አታመሰግንም፤ ሲሳሳትም አትቆጣም። ውኃዋን ፉት ትልና «ጓደኛሽ የት ነበረች?» ትላለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ ይኸው ነው። አንድ ልጅ ድንቅ አድርጎ መትቶ ሲጨፍር «ጓደኛህ የት ነበር?» ትለዋለች። ልጁ ዞሮ ያያል፤ ጓደኛው ሌላ ጥግ ላይ ተገትሮ ቆሟል። «እንግዲህ ብቻህን ነው የተጫወትከው» ትልና ትሄዳለች።

ክር መወጠር ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። አንድ ቀን መረቡ ተቀዶ ጥልፍ በለመደ እጄ ስሰፋው አየችኝ። ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው። የድሮው ወጣሪ ወደ አገሩ የተመለሰበት ሰሞን ነበር። «ነይ» አለችኝና ከመለማመጃው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ፊት አስቀመጠችኝ።

ራኬት ሲወጠር መጀመሪያ ቋሚው ክር ነው የሚገባው፤ ከመሀል ጀምሮ አንድ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ፣ እኩል እኩል። አንዱን ጎን ቀድመሽ ከጨረስሽ ፍሬሙ፣ የራኬቱ ክብ ጠርዝ ማለት ነው፣ ይጣመማል። ከዚያ አግድሙ ይመጣል፣ በላይ በታች፣ በላይ በታች፣ ልክ እንደ ሸማ። አንዱን ክር ከዘለልሽ ዓይን ላያየው ይችላል፤ ሻትሏ ግን ታውቀዋለች። እኔ መቼም ችኩል ነኝ። የመጀመሪያውን ራኬቴን በአንድ ጎን ገሰገስኩበትና ጧ! ፍሬሙ እጄ ላይ ፈነዳ። ያለቀስኩትን አትጠይቁኝ። ሜይ ሙቅ ውኃ በክዳኑ ቀዳችልኝና «ድምፁን አወቅሽው። አሁን ከዚያ ድምፅ በፊት ያለውን ድምፅ ስሚ» አለችኝ። እውነትም አለ። ፍሬም ከመሰበሩ በፊት ቀጭን የማቃሰት ድምፅ ያሰማል። ከዚያ በኋላ እሱን ስሰማ እጄ በራሱ ይቆማል።

ስጨርስ ራኬቱን ትቀበለኝና ዓይኗን ጨፍና በጥፍሯ ትመታዋለች፤ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። ዓይኗን ሳትገልጥ መልሳ ከሰጠችኝ ደግሜ እፈታዋለሁ። ከገለጠች አልፏል ማለት ነው። ፊት መረቡ ጋ የሚቆመውና ከኋላ ሆኖ በኃይል የሚመታው አንድ ዓይነት ክር አይወዱም፤ ስለዚህ ራኬት ሲመጣልኝ «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብዬ መጠየቅ ለመድኩ። ክረምት ደግሞ ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ላባዎቹ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራሉ። ያን ጊዜ የሻትሎቹን ቱቦ ከፍተን በሚፈላ ውኃ እንፋሎት እናጥናቸዋለን። ጀማል አንድ ቀን መጥቶ አየና «ሚስቴ ላባ ማጠን ጀመረች» ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ።

አሁን እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ዊተን እኛ ሕንፃ ላይ ይኖሩ ነበር፤ የአራት ኪሎ ሰው ናቸው፤ ከአንድ የአረጋውያን ማረፊያ ኪችን ጡረታ ወጥተው ቤት የተቀመጡ። ሐኪማቸው ኤክሰርሳይስ ያድርጉ ቢላቸው «ሜዳ ለሜዳ ብቻዬን የምሮጠው ማን ሊያባርረኝ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜይ ለጀማሪ ትልልቅ ሰዎች ክፍል ከፍታ ስለነበር ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ነጭ ሻሽ፣ እኔ ጥቁር ሻሽ አስረን ጥንድ ሆንን። ሜይ በጣም ወደደቻቸው። ሰርቫቸው፣ የመክፈቻ ምታቸው ማለቴ ነው፣ እንደ ዱላ ውርወራ ነበር፤ የት እንደምትወድቅ ተቃራኒውም እሳቸውም አያውቁም።

ሁለት ዓመት ያህል ከተለማመድን በኋላ ሚስተር ጎ የአዳራሹን ትልልቅ ሰዎች ውድድር አዘጋጀ። እኔና እትዬ አስካለ ፍጻሜ ደረስን። ጀማል ከበሮ ይዞ ካልመጣሁ ሲል ሚስተር ጎ ነው የከለከለው። ተቃራኒዎቻችን ከሮክቪል የመጡ ሁለት ኮሪያውያን እህትማማቾች ነበሩ። ነጥቡ እኩል ለእኩል ሆነና አንድ ነጥብ ብቻ ቀረ። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ ሻትሏን ወደ ላይ አጎነቻት፤ ሻትሏም ዘገም ብላ በእኔና በእትዬ አስካለ መሀል መውረድ ጀመረች። ማንም ሕፃን ሊመታት ይችላል። እኔ እትዬ አስካለን አየኋቸው።

«ይምቱት እትዬ!»

«አንቺ ምቺው እንጂ!»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«በእኔ ሞት!»

ሻትሏ መሀላችን ጠብ አለች። ኮሪያውያኑ ዘለሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ጀማል ወንበሩ ላይ ተኛ። እኛም መሬት ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። እትዬ አስካለ «ሞቴን ጠርቼ ዋንጫ አስበላሁ» አሉ።

ሜይ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ሻትሏን ከወደቀችበት አንስታ እያገላበጠች ወደኔ ጠባብ ክፍል ገባች። ተከትያት ሄድኩ። በዚያ ቀን ነው የነገረችኝ፤ እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ስብርባሪ ነው፤ ግን ገባኝ።

ጥንዷ ዪንግ ትባል ነበር። ገና ልጆች ሳሉ አሠልጣኞች ያጣመሯቸው ናቸው። አንድ ክፍል ተኙ፣ ከአንድ ሳህን በሉ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ መሐረብ ታቀብላለች። ዓለምን አብረው ዞሩ። ከዚያ በአንድ ትልቅ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ነጥብ፣ ሻትሏ መሀላቸው ወረደች። ሁለቱም ቆሙ። ወደቀች። በማግሥቱ አሠልጣኞቹ ዪንግን ከሌላ ልጅ ጋር አጣመሩ፤ ሜይ ወደ ክፍለ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«አሁን የት ናት?» አልኳት።

«ፎልስ ቸርች» አለች። «እዚያ ታሠለጥናለች።»

እኔ ቻይና ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ! ከኛ አዳራሽ ድልድዩን መሻገር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ወንዙን መሀል አድርገው፣ የአንድ ከተማ ሁለት ሰፈር እንደማለት፣ አንዷ ለሌላዋ ስልክ ሳትደውል ኖረዋል። ከዚያም ሜይ ትከሻዋን ይዛ፣ ሐኪም ኦፕሬሽን እንደቀጠራትና ከዚያ በኋላ ክንዷን ከራሷ በላይ አንስታ መምታት እንደማትችል ነገረችኝ። ክረምቱ ሲያበቃ ነበር ቀጠሮው። «ከእሷ ጋር አንድ ጊዜ ብጫወት» አለች። ሜይ አንድ ነገር ፈለግኩ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ተኳርፈዋላ! ሽማግሌ ነዋ የሚያስፈልጋቸው» አሉ።

«እትዬ፣ ቻይናዎች እኮ ናቸው።»

«ታዲያ ቻይና አይኳረፍም? አይታረቅም?»

እንግዲህ ሽምግልና ሄድን። ጀማል በታክሲው አሻገረን። ባዶ እጅ አይኬድም ተብሎ ብርቱካን ገዛን፤ ሜይ ሰው ስትጠይቅ ብርቱካን ይዛ ነው የምትሄደው። ለሜይ አልነገርንም፤ ታራቂ መቼም ሽማግሌ ላኩልኝ አይልም። የዪንግ አዳራሽ ከአንድ የጥፍር ቤትና ከአንድ የቬትናም ሾርባ ቤት መሀል ያለ ሰፊ ቤት ነበር። ዪንግ ረጅም ናት፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። ፈገግ ብላ ወንበር ሰጠችን።

«ቃላችንን ሳትሰሚ አንቀመጥም በያት» አሉኝ እትዬ አስካለ።

አገር ቤት ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እሱን ለዪንግ ማን ያስረዳት። ወንበሩ ቆሽሾ መስሏት በፎጣ ጠረገችው። አሁንም ቆምን። ሌላ ወንበር አመጣች። ቆምን። «ለጀማሪ ክፍል ነው የመጣችሁት?» አለች ግራ ተጋብታ። በመጨረሻ እኔ «ሜይ» አልኩ። ያን ጊዜ እሷም ከእኛ ጋር ቆመች።

ረጅም ጊዜ ፊሽካዋን በጣቷ ስታዞር ቆየች። «ትከሻዋ እንዴት ነው?» አለች። ሰምታለች ማለት ነው። እኔ ቀጠሮውን ነገርኳት። ከዚያ ዪንግ እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ከዚያ በፊት የመታሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የኔ ነበረች። ይህን ንገሪያት።» ስለዚያች ስለወደቀችው ሻትል ነው፤ ሌላ አልጨመረችም። ብርቱካኑን ተቀብላ አንድ ቱቦ ሻትል ሰጠችን፤ በሩ ድረስም ሸኘችን።

እትዬ አስካለ መኪና ውስጥ ተቃጠሉ። «ይሄ ምን መልእክት ነው? የኔ ነበረች! አላለቀሰች፣ ይቅርታ አላለች፣ ናፈቀችኝ አላለች! ይሄን ይዞ ታራቂ ፊት ይቀረባል?»

«እንዳለችው ብንነግራትስ?»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ቃል አለስልሶ ነው የሚያደርስ። እንዳለ ቢያደርስማ ስንቱ ትዳር በፈረሰ።»

እውነታቸውን ነው። አገራችን የታረቀው እንዲያ ነው። ግን ያ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ቃል እንደሚያለሰልስ ሲያውቅ ነው። ሜይ አታውቅም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። እትዬ አስካለ ሜይን ያዟትና በኪችን እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። «ዪንግ ክራይ! ዪንግ ሶሪ፣ ቬሪ ሶሪ፣ ኖ ስሊፕ!» አሉ። አልበቃ ብሏቸው የራኬት ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ጎንበስ አሉላት። አሳይተዋት ሲያበቁ በኩራት ቀና አሉ።

የሜይ ፊት እንደ በር ሲዘጋ አየሁ። «ዪንግ አታለቅስም» አለች። «ዪንግ እግሯ ተሰብሮ አላለቀሰችም። አሾፈችብኝ ማለት ነው? ወይስ እናንተ ናችሁ የምታሾፉት?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ማን ሂጂ አለሽ?»

መናገር ነበረብኝ፤ ግን እትዬ አስካለን፣ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ውሸታም ላድርጋቸው? ሜይም መልስ አልጠበቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሥራ ዘመኔ የመረረው ነው። ሜይ ራኬቶቹን ካውንተሩ ላይ ታስቀምጣለች፣ በስንት ፓውንድ ጥብቀት እንደሚወጠሩ ትናገራለች፣ ትሄዳለች። ላናግራት ስል «ተማሪ ይጠብቀኛል» ነው መልሷ። የወጠርኩትን በጥፍሯ መምታት ተወች። የተረከበችኝን ሥራ ሳትሰማው ስትወስድ እንደ መሰደብ ነበር የሚሰማኝ። ቀጠሮው እየቀረበ መጣ። ላስታርቅ ሄጄ እኔው ተኮረፍኩ፤ የሁለት ሰው ኩርፊያ የሦስት አደረግሁት። እትዬ አስካለ ግን አልተሸነፉም። «ትንሽ አሳነስኩት መሰለኝ፤ ደም እንባ ብላት ኖሮ…» ይሉኛል። አቤት የሳቸው ነገር!

ቀጠሮዋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሜይ የራሷን ራኬት ይዛ ክፍሌ ገባች። አስቀመጠችውና «ክሩን ቁረጪው» አለችኝ።

«በስንት ልወጥረው?»

«አትወጥሪው። ቁረጪው ብቻ። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

መቀሱን አነሳሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ክር የሌለው ራኬት ግድግዳ ላይ! እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«አልቆርጥም!» አልኳት። «ብትፈልጊ አባሪኝ። ዪንግ አላለቀሰችም። ይቅርታም አላለችም። ያንን እኛ ነን የጨመርነው፤ አገራችን እንዲህ ነው የሚታረቀው፣ ክፋት አይደለም። እሷ ያለችው ሌላ ነው።»

ሜይ ቆመች። «ምን አለች? ቃሉን።»

«ከዚያ በፊት የመታሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የኔ ነበረች። ይህን ንገሪያት አለች።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ሜይ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ መሀል የምትወርድን ሻትል መምታት ያለበት ከዚያ በፊት የመታው ነው፤ በነሱ ቋንቋ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ የለም። ዪንግ ሁሉንም በራሷ ላይ ነው የወሰደችው። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችው ተቀይማ ሳይሆን፣ ጓደኛዬን ከቡድን ያስባረርኳት እኔ ነኝ ብላ አፍራ ነው። ሜይ ደስ ብሏት ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ስፈልግ፣ ዓይኗን ገልጣ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው።

«ተሳስታለች!» አለች። «እኔ በግራ በኩል ነበርኩ፤ መሀሉ በቀኝ እጄ በኩል ነው! የኔ ነበረች! ይህን ሁሉ ዓመት የኔ ነበረች እያልኩ…» የመኪና ቁልፏን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ተሳስተሻል ልላት!»

እኔ ፍሮንት ዴስኩን ለሚስተር ጎ ትቼ ተከተልኳት። ቅዳሜ ስለነበር እትዬ አስካለም ራኬታቸውን እንደያዙ መኪናው ውስጥ ገቡ። ነገሩን መንገድ ላይ ስነግራቸው «አላልኩሽም? ያ የኔ ልቅሶ ነው ያለሰለሳት» አሉ። ሜይ መኪና ስትነዳ እንዲያ ስትፈጥን አይቼ አላውቅም።

ዪንግ ልጆች እያሠለጠነች ነበር። ሜይን በሩ ላይ ስታይ ፊሽካው ከአፏ ወደቀ። ልብ በሉ፣ አልተቃቀፉም፣ ሰላምም አልተባባሉም። ሜይ በቀጥታ ሜዳው መሀል ገብታ ቆመችና በጣቷ ወለሉን እያመለከተች ጀመረች። ዪንግ መለሰች። ቻይንኛ አልችልም፤ ክርክሩን ግን እጃቸው ይተረጉመዋል። አንዷ እዚህ ነበርኩ ትላለች፤ ሌላዋ እጇን ይዛ ወደዚያ ትስባታለች። ሻትል ደርድረው ቦታ ምልክት አደረጉ፣ አፈረሱት፣ እንደገና ደረደሩ። ልጆቹ ጥግ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እትዬ አስካለ «እየተጣሉ ነው ወይስ እየታረቁ?» ይሉኛል። እኔም አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሜይ ወደኛ ዞረች። «እናንተ ወዲያ ማዶ ግቡ። ፋጤ፣ ከፍ አድርገሽ መሀላችን ላኪያት።»

ገባን። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሜይ ግራ፣ ዪንግ ቀኝ። አጎንኳት። ሻትሏ ጣራው ድረስ ወጣችና ዘገም ብላ መውረድ ጀመረች። ሁለቱም አዩዋት። ሁለቱም ቆሙ። መሀላቸው ጠብ አለች።

ሜይ አቀረቀረች። ዪንግም አቀረቀረች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ በአማርኛ፣ ራኬታቸውን እያወዛወዙ። «ከኛ ምን ተማራችሁ! ምቷት እንጂ አንዳችሁ!»

ቋንቋው አልገባቸውም፤ ቁጣው ግን ገብቷቸዋል። ሁለተኛዋን አጎንኳት። ይህች ስትወርድ ሜይ ዘለለች። ያ ታማሚ ክንዷ ከራሷ በላይ ወጣ። ዪንግም ዘለለች። ሁለቱም እየጮኹ መጡ፣ ሁለት ራኬቶች አየር ላይ ተጋጩ፣ ጧ! የሜይ ፍሬም ለሁለት ተሰበረ። ሻትሏ የት እንደገባች እስከዛሬ አላወቅንም። ሁለቱ ሴቶች ተጠላልፈው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሮጬ በመረቡ ሥር ሾልኬ ደረስኩ። ትከሻዋ ቢሆንስ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ተዘርረው ይስቃሉ፤ ሜይ እንደዚያ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ዪንግ ሳቋን አቁማ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሜይ መለሰችላት። ዪንግ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ያቺ የማታለቅሰው ሴት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሜይ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ትዳብሳታለች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ሜይን።

«ያን ጊዜ ለምን እንዲህ አልመጣሽም አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አንቺ አለሽ ብዬ ነው አልኳት። እሷም፣ እኔም አንቺ አለሽ ብዬ ነው የቆምኩት አለች።»

እትዬ አስካለ እጄን ጎተቱኝ፤ ዓይናቸው ሞልቷል። «ምን ተባባሉ? ንገሪኝ እንጂ!»

አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሱ።

«ይሄማ ምን ይጨመርበታል» አሉ።